ጆሯችንን ደፍነን የምንሮጠው ወዴት ነው?

ባለፈው ጥቅምት ነው። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ቦታው ፍራንክፈርት፣ የማይን ወንዝ ዳር። እንደ ወትሮዬ የጫማዬን ክር አጥብቄ፣ ሁለቱንም ጆሮዬን በማዳመጫ ደፍኜ፣ የጥላሁን ገሠሠን የድሮ ሥራዎች ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩና ሶምሶማ ወጣሁ። ጠዋቱ ቢቀዘቅዝም ፀሐይ ነበረው። «አይዘርነ ሽቴግ» ከሚሉት የብረት ድልድይ ተነሥቼ በደቡቡ ዳርቻ፣ በሙዚየሞቹ በኩል ወደ ምዕራብ ሮጥኩ። ዞሬም በመጣሁበት ተመለስኩ። 50 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ደስ ብሎኝ፣ ላቤን እየጠረግኩ ቤቴ ገባሁ። ምንም የተለየ ነገር አላየሁም፤ አልሰማሁምም።

ያለፈኝን ያወቅኩት በሳምንቱ እሑድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሻይ በሚቀርብበት አዳራሽ አንድ አዛውንት ትክ ብለው ያዩኛል። ነጠላቸውን በካፖርታቸው ላይ አጣፍተዋል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ወር አልሞላቸውም። ቀረብ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«አንተ ነህ አይደል ያ ሯጩ? ቀይ ሹራብ የለበስከው?»

«አዎ አባቴ፣ የት አዩኝ?»

«ወንዙ ዳር ነዋ! ሁለት ጊዜ ጠራሁህ እኮ። ስትሄድም ስትመለስም። ኋላማ ሐበሻ አይደለም ይሆናል ብዬ ተውኩት» አሉና ሳቅ አሉ።

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን መግቢያ አጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጃቸው የምትኖረው ከወንዙ ደቡብ፣ ዛክሰንሃውዘን ነው። እሷ ሥራ ስትገባ «እግሬን ላፍታታ» ብለው ወጡ። በብረቱ ድልድይ ተሻግረው የድሮውን አደባባይ አዩ፤ በሰሜኑ ዳርቻ ዘና ብለው ተራመዱና ሲመለሱ ድልድዩን ያገኙት መሰላቸው። ግን ሌላ ነበር። ሆልባይንሽቴግም እንደ ብረቱ ድልድይ ለእግረኛ ብቻ የተሠራ ነው፤ ለእንግዳ ሰው ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ተሻግረው ሲያበቁ መንገዱም ሕንፃውም የማያውቁት ሆነባቸው። በዚያ ላይ የቅዳሜው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቆሞ ሰው እንደ ጉንዳን ይተራመሳል። ስልካቸው ቤት ቀርቷል። ጀርመንኛ አያውቁም። ዛፉ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና የአገር ሰው ፊት መጠበቅ ጀመሩ። የመጀመሪያው የአገር ሰው ፊት የእኔ ነበር። «ልጄ! ልጄ!» አሉ። እኔ ስለ አገር የተዘፈነ ዘፈን እየሰማሁ ካጠገባቸው አለፍኩ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ብርድ ላይ ተቀምጠዋል። በመጨረሻ የሰማቸው ምግብ የሚያደርስ አንድ ኤርትራዊ ብስክሌተኛ ነው። ቆሞ፣ ትግርኛና አማርኛ እየቀላቀለ አናገራቸው፤ ብስክሌቱን እየገፋ አብሯቸው እየሄደ፣ የሚያውቁት መድኃኒት ቤት እስኪታያቸው ድረስ ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው አዟዟራቸው። ያ ልጅ የተቆጠረ ሰዓት ነበረው፤ እኔ ደግሞ የትርፍ ሰዓቴ ነበር።

አዛውንቱ ምንም አልሆኑም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን «ሐበሻ አይደለም ይሆናል» የሚለው ቃላቸው ሰንብቶም አልወጣልኝ አለ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው።

አንድ ጆሮ ለአንተ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ

ሙዚቃን እየተንቀሳቀሱ ለብቻ የማዳመጥ ነገር የዛሬ አይደለም። አንድሬያስ ፓቬል የተባለ፣ ጀርመን አኸን ከተማ ተወልዶ ብራዚል ያደገ ሰው፣ በሰውነት ላይ የሚታጠቁት የካሴት ማጫወቻ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዊዘርላንድ ውስጥ በረዶ በለበሰ ጫካ ሞክሮት ነበር። በ1977 ጣሊያን አገር የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በሐምሌ 1979፣ የጃፓኑ ሶኒ ዎክማንን ገበያ ላይ አወጣ። ሁለቱ ወገኖች ከ20 ዓመት በላይ ሲከራከሩ ቆይተው ነገሩ በስምምነት አለቀ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያ ነበረው፤ ለሁለት ሰው። በላዩ ላይ ደግሞ ብርቱካናማ ቁልፍ ነበረው። እሱን ሲጫኑ ሙዚቃው ዝቅ ይልና በትንሽ ማይክሮፎን አማካይነት የአጠገብ ሰው ንግግር ይሰማል። የኩባንያው መሥራች አኪዮ ሞሪታ ሰው ብቻውን ማዳመጡ ነውር ተደርጎ ይታያል ብለው እንደሰጉ በሕይወት ታሪካቸው ጽፈዋል። ኋላ ግን ሰው ዎክማኑን የግሉ አድርጎ እንደያዘው ታየ። ቀጥለው በወጡት ሞዴሎች ያ ቁልፍ ቀረ። የሰው ድምፅ የሚገባበት በር የተዘጋው እንግዲህ ያኔ ነው። ከዚያ እዚሁ ጀርመን፣ ኤርላንገን በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ኤምፒ ስሪ ተፈለሰፈ፤ በ2001 አይፖድ መጣ፤ አሁን ሁሉም ነገር ስልካችን ውስጥ ገብቷል።

እኛ አገር ዎክማን የገባው ያው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። በሰፈር አንድ ልጅ ዎክማን ካለው የሰፈሩ ሁሉ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ካሴቱ ባትሪ እንዳይጨርስ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል። ማዳመጫው አንድ ስለሆነ ሁለት ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው «አንድ ጆሮ ለአንተ፣ አንድ ጆሮ ለእኔ» ይባባላሉ። ሞሪታ በሁለት መሰኪያ ሊያመጡት የፈለጉትን እኛ በእጦት አመጣነው ማለት ነው። የቀረችው አንድ ጆሮ ታዲያ ክፍት ናት፤ እናት ስትጣራ ትሰማለች።

ኃይሌ የሮጠበት ሙዚቃ

ሙዚቃ ለስፖርት አይጠቅምም የሚለኝ ካለ አልስማማም። ምስክሬ ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 1998 በእንግሊዟ በርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2 ሺህ ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ሲሰብር «ስካትማን» የተባለውን ዘፈን አስከፍቶ፣ እርምጃውን ከምቱ ጋር እያስማማ ነበር። ዘፈኑም ጀርመን አገር የተሠራ ነው፤ ዘፋኙ ኮልታፋነቱን ወደ ዜማ የለወጠ አሜሪካዊ።

የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያዎችም ይህንኑ ይላሉ። በለንደኑ ብሩነል ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃና ስፖርትን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኮስታስ ካራጆርጊስ እንደሚያስረዱት፣ በመካከለኛ ፍጥነት ስንሮጥ ሙዚቃ የድካም ስሜትን ያቀልላል፣ ያነቃቃል። ፍጥነቱ እየበረታ ሲሄድ ግን ሰውነት የራሱን ጩኸት ስለሚያሰማ ሙዚቃው የሚያቀለው ነገር እየቀነሰ ይመጣል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የኃይሌ ሙዚቃ ጆሮው ውስጥ አልነበረም። በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ ነው የተለቀቀው። ተፎካካሪዎቹም፣ ዳኞቹም፣ ተመልካቹም እኩል ሰምተውታል።

እሱ ያስጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ያው ነው። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚሮጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ እዚያ ሰዓቱን የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ሌላው እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ አንዱ አውጥቶ ሌላው እየተቀበለ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል። ወታደር ሲሮጥ አንዱ ያወጣል፣ ሰልፉ ይቀበላል። ገበሬው በደቦ ሲያጭድ በዜማ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጎህ ሲቀድ የሚሮጡትን አትሌቶች ያየ ሰው ደግሞ፣ አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፎ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተለ፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ጋር እየገጠመ ሲሄዱ አይቷል። ሥሩንና ድንጋዩን ፊተኛው በእጁ እያመለከተ ለኋለኛው ያስታውቃል። በእኛ ዘንድ ሩጫም ዜማም የጋራ ነው። ጆሮ ተደፍኖ የሚሮጥ ሩጫ ከየት እንደመጣብን እንጃ።

ፍራንክፈርትም ይህን የምታሳይበት ቀን አላት። ማራቶኗ በ1981 የተጀመረ፣ ከጀርመን የከተማ ማራቶኖች ሁሉ ቀደምት ነው። በጥቅምት መጨረሻ ከተማው ከበሮ በከበሮ ይሆናል፤ የሙዚቃ ቡድኖች በየመንገዱ ዳር ቆመው ሯጩን ይሸኛሉ፤ ውድድሩ የሚያበቃው ፌስትሃለ በተባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ቀይ ምንጣፍ ላይ ነው። በዚያ ምንጣፍ ላይ ማሚቱ ዳስካ በ2011 እና በ2016፣ መሰለች መልካሙ በ2012፣ አበሩ ከበደ በ2014፣ መስከረም አሰፋ በ2018 አሸንፈው ገብተዋል። በ2024 ሀዊ ፈይሳ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ስትገባ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብራ ነው። ባንዲራ ይዘን የምንጮኸው እኮ እንዲሰሙን ነው። ይሰሙናልም፤ ጆሯቸው ባዶ ነውና። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ ተወዳዳሪ ሬዲዮ፣ ስልክና ይህን መሰል ነገር ይዞ መወዳደር አይፈቀድለትም። በአሜሪካ እንዲያውም በ2007 ለሁሉም ሯጭ የከለከሉበት ጊዜ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ክልከላውን ለሽልማት ለሚፎካከሩት ብቻ አደረጉት። በ2009 ሚልዋኪ ላይ አንዲት ሯጭ በውድድሩ መጨረሻ አካባቢ አይፖድ በመጠቀሟ የአንደኝነት ድሏ ተሰርዞባታል።

ጆሮ እንደ ጫማ አይቀየርም

የጤናውን ነገር ባጭሩ ልንካው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ድምፅ አብዝቶ በመስማት የተነሣ ለመስማት ችግር ተጋልጠዋል። ድርጅቱ የሚመክረው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን ልኩ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። 4 ሰዓት ማለት በሳምንት አራት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት የሚሮጥ ሰው ሩጫው ብቻ የሚጨርሰው ነው። ባቡሩና ሥራ ቦታው ሳይቆጠር!

ወንዝ ዳር ስንሮጥ ነፋሱ፣ መኪናው፣ የራሳችን ትንፋሽ አለ። እሱን ለማሸነፍ ድምፁን እንጨምራለን። ሳናውቀው ከልኩ እናልፋለን። የውስጥ ጆሯችን ጥቃቅን የመስሚያ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጫማ ሲያልቅ ይቀየራል፤ ጆሮ አይቀየርም። ከሩጫ በኋላ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ ያ ማስጠንቀቂያ ነው።

አደጋውም አለ። የጀርመን የመንገድ ትራፊክ ደንብ ማንኛውም አሽከርካሪ፣ ብስክሌተኛም ጭምር፣ ማዳመጫው መስማቱን እንዳይጋርድበት ያስገድዳል፤ ይቀጣልም። ለእግረኛና ለሯጭ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለም። ያን ኤርትራዊ ወንድማችንን ሳስበው አንዳንዴ ይህ ደንብ ትዝ ይለኛል። ሕጉ ጆሮህን ክፈት ያለው እሱን ነው፤ እኔን ዝም ብሎኛል።

በ2016 ሙኒክ ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ማዳመጫ እንዳደረገች፣ ስልኳን እያየች የትራም ሐዲድ ስታቋርጥ ሕይወቷ አልፏል። በዚያው ዓመት የአውግስቡርግ ከተማ አቀርቅሮ ለሚሄደው እግረኛ ብሎ የማቆሚያ መብራት መሬት ላይ ተከለ። የእኛንም ፍራንክፈርት ትራም ታውቁታላችሁ፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ደግሞ ባሰ። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ቢሆን ግድ የለም፤ ግን በየአውራ መንገዱ ጠርዝ፣ ከሚኒባስና ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ሁለት ጆሮ ደፍኖ መሮጥ ከነፍስ ጋር መጫወት ነው።

«አንተ ወንድ ስለሆንክ ነው»

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስነግራት አቋረጠችኝ። እሷም እዚሁ ነው የምትሮጠው። «አንተ ወንድ ስለሆንክ ነው» አለችኝ። «አዲስ አበባ ሳለሁ ለከፋውን የማልሰማው በማዳመጫዬ ነው። እዚህም አንዳንዱ ሰካራም ቆዳዬን እያየ የሚወረውረውን ቃል የማልሰማው በእሱ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሙዚቃ ሳልከፍት ባዶውን አደርገዋለሁ፤ እንዳያናግሩኝ።»

እውነቷን ነው። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። ማዳመጫ ለብዙ ሰው በር ነው፤ በር ደግሞ የሚዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ብሆን ለምን እንደጀመርኩት አውቀዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቋንቋ ስሠራ፣ በሰው ቋንቋ ስታዘዝ እውላለሁ። ቅዳሜ ጠዋት የራሴን ቋንቋ በጆሮዬ አፍስሼ ስሮጥ ለ50 ደቂቃ አገሬ የገባሁ ይመስለኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስደት ላይ ያለ ሰው ይረዳኛል።

ነገር ግን አዛውንቱ ያስተማሩኝ እዚህ ላይ ነው። አገሬን ፍለጋ ጆሮዬን ስዘጋ፣ አገሬ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ «ልጄ» እያለች ትጠራኝ ነበር። እኔ ግን የተቀዳውን ድምፅ መርጬ ሕያውን አልፌው ሄድኩ።

ሰላምታ በእኛ ዘንድ ወግ ብቻ አይደለም። «እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና» እያልን የምንጠያየቀው ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጎደለ የሚታወቀው በዚያ ስለሆነ ነው። ፍራንክፈርት ውስጥ ደግሞ ከሰላምታ ሌላ መገናኛ የሌለው ስንት ሰው አለ! አዲስ የመጣ ልጅ አለ፣ ወረቀቱን የሚጠብቅ አለ፣ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡና ቀኑን ሙሉ ግድግዳ የሚያዩ እናቶች አሉ። እነሱ የሚጠብቁት ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ «እንዴት ነዎት» ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል?

ማዳመጫውን ወንዝ ውስጥ እንወርውረው አልልም። እኔም አልወረወርኩትም። ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

አንደኛ፣ ከቤት ውጭ ስሮጥ አንድ ጆሮ ብቻ። ወደ መንገዱ ያለችዋ ጆሮ ክፍት ናት። አንዳንዶቹ አዳዲስ ማዳመጫዎች የውጭውን ድምፅ የሚያስገቡበት አሠራር አላቸው፤ ያ ብርቱካናማ ቁልፍ ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያላችሁ ተጠቀሙበት።

ሁለተኛ፣ ድምፁ አጠገቤ ያለ ሰው በተለመደ ድምፅ ሲያናግረኝ እስከምሰማው ድረስ ብቻ። ካልሰማሁት በዝቷል ማለት ነው። ከፍ አድርጎ መስማት ያማረው በቤት ውስጥ መሮጫ ማሽን ላይ እንኳ ጆሮውን ይምርለት።

ሦስተኛ፣ መሻገሪያና የትራም ሐዲድ ሲደርስ፣ ብስክሌትና እግረኛ በሚጋፉበትም ቦታ፣ ሙዚቃው ይጠፋል። ይኸው ነው።

አራተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ብቻዬን መሮጥ ቀነስኩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ነው የምንወጣው። አንዱ ወሬ አያልቅበትም፤ ሌላው ገና ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለከልካል። ፍጥነቴ ቀንሷል፤ አልዋሽም። ግን ስቄ ነው የምገባው። ለአክስቴ ልጅም የነገርኳት ይህንኑ ነው፦ ከእኛ ጋር ከሮጥሽ ለካፊውም ሰካራሙም አይደፍርሽም፤ ማዳመጫሽን ለባቡር አቆዪው። «አስብበታለሁ» ብላለች።

አዛውንቱ ኅዳር ላይ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ከመሄዳቸው በፊት ሁለት ቅዳሜ አብረውን ወጡ። እኛ ስንሮጥ እሳቸው በዚያው አግዳሚ ወንበር ይቀመጡና ስንመለስ «በርቱ! ኃይሌ ይቀደማል ዛሬ!» እያሉ ይስቁብን ነበር። በዚያች ወንበር በኩል ባለፍኩ ቁጥር አሁንም ቀና ብዬ አያለሁ። እስካሁን የጠራኝ የለም። ከጠራኝ ግን እሰማለሁ።

እናንተም ነገ ጠዋት ስትወጡ፣ ፍራንክፈርትም ሁኑ አዲስ አበባ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ባሕር ዳር፣ አንዲቷን ጆሯችሁን ለሰው ተዉለት። ቸር ይግጠመን።